የተራበ ሥር ወዴት ያድጋል?

ምዕራብ ጎጃምና አዊ ውስጥ፣ ሌላ ሰብል እምቢ ባለበት መሬት ላይ ግብጦ ይዘራል። አብዛኛውን ጊዜ ማዳበሪያ አይደረግለትም። መሬቱም እንደ ጤፍ ማሳ ተደጋግሞ አይታረስለትም። እሱ ግን ይበቅላል፣ ያብባል፣ ያፈራል። ፍሬው ተቆልቶ ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ምሬቱ ሲወጣለት ይበላል። ግብጦ ያለፈበት መሬት ለሚቀጥለው ሰብል እንደሚሻል ደግሞ የአካባቢው ገበሬ ያውቃል።

የዚህ ተክል ጉልበት ያለው ከመሬት በታች ነው። ፎስፈረስ የሚባለው የተክል ምግብ በጠፋበት አፈር ላይ የበቀለ ግብጦ በጥንቃቄ ተነቅሎ ሥሩ ሲታጠብ፣ እዚህም እዚያም የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስሉ ነገሮች ይታያሉ። ቀጫጭን ሥሮች ናቸው፣ ተጠጋግተው ችምችም ብለው የወጡ። አንዱ ሥር ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙም አይረዝምም። በላዩ ላይ ደግሞ ጸጉር አለው። ፎስፈረስ በሞላበት አፈር ላይ የበቀለውን ግብጦ ነቅላችሁ ብታዩ ግን እነዚህ ብሩሾች ወይ የሉም፣ ወይ በጣም ጥቂት ናቸው። ዘሩ ያው ነው፣ የተለየው አፈሩ ነው።

ታዲያ ዓይንም አንጎልም የሌለው ተክል ፎስፈረስ መጥፋቱን በምን አወቀ? ካወቀስ በኋላ ሥሩን እንዲህ አድርጎ የሚቀርጸው ምንድን ነው?

መልሱ በአብዛኛው ሆርሞን ነው። ሆርሞን ማለት አንዱ የአካል ክፍል የሚያመርተው፣ ሌላው የሚሰማው፣ በጥቂት መጠን ብዙ ሥራ የሚያሠራ ኬሚካል ነው። ሰው ውስጥ እነ ኢንሱሊን እንዳሉ ሁሉ ተክልም የራሱ ሆርሞኖች አሉት። እኛ አገር ስለ ማዳበሪያ ሲወራ ስለ ኩንታል፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ወረፋ ይወራል። ይገባልም። ማዳበሪያውን ስለሚቀበለው ሥር ግን እምብዛም አይነሳም። ይህ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል። ሥሩ ካልደረሰበት ማዳበሪያው አፈር ላይ የተደፋ ገንዘብ ነውና።

ፎስፈረስ አለ፣ ግን ታስሯል

አንድ ነገር እናጥራ። «ፎስፈረስ ጠፋ» ሲባል ብዙ ጊዜ ከአፈሩ ተሟጠጠ ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ነው። በተለይ ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብና የሰሜን ምዕራብ ደጋዎች ችግሩ ይብሳል። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን አጥብቀው ይይዙታል። አፈሩን ላቦራቶሪ ብትወስዱት ጠቅላላ ፎስፈረሱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ተክሉ የሚያገኘው ግን ከዚያ ውስጥ ኢምንቱን ነው። በውድ የተገዛው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስም ሲበተን ይኸው ዕጣ ይደርሰዋል፤ አብዛኛው በዚያው ዓመት ለሰብሉ አይደርስም። ኖራ የሚጨመረው አንዱ ይህን እስር ለማላላት ነው።

ሁለተኛ ችግርም አለ። ፎስፈረስ አይንቀሳቀስም። ናይትሮጅን በናይትሬት መልክ ሲሆን ከውሃ ጋር ይሄዳል። ዝናብ ሲበረታ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ከዚያም ይጠፋል። ፎስፈረስ ግን ያለበት ቦታ ተጣብቆ ይቀራል። ሥሩ በዙሪያው አንድ ሁለት ሚሊሜትር ውስጥ ያለውን ይወስድና ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ ያለው ፎስፈረስ ወደ ሥሩ አይመጣም፣ ሥሩ ነው መሄድ ያለበት።

ስለዚህ ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ሁለት ዓይነት ሥር ይፈልጋሉ። ፎስፈረስ የሚበዛው ከላይኛው የአፈር ንጣፍ ላይ ነው። ለእሱ ወደ ጎን የተዘረጋ፣ ቅርንጫፉ የበዛ፣ ጸጉራም ሥር ይሻላል። ናይትሬትን ለመከተል ግን ቶሎ ወደ ታች የሚወርድ ሥር ያስፈልጋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንዳይሠራ ደግሞ ሥር ማብቀል ወጪ አለው። ሥሩ የሚሠራው ቅጠሉ በፀሐይ ባበሰለው ስኳር ነው። የተራበ ተክል ስኳሩን የትም የሚበትንበት አቅም የለውም። የትኛውን ሥር አስረዝሞ የትኛውን እንደሚያቆም መምረጥ አለበት።

ኦክሲን የሚባለው ነገር

ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1880 አንድ ነገር አስተውለው ነበር። ለጋ የሣር ቡቃያ ወደ ብርሃን ይጎብጣል። የሚጎብጠው ከጫፉ ዝቅ ብሎ ነው፤ ብርሃኑን የሚያውቀው ግን ጫፉ ነው። ጫፉን ሲሸፍኑት መጉበጡ ቀረ። ከጫፉ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው። ያ ነገር መኖሩን በሙከራ ያሳየው ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት ነው፣ በ1920ዎቹ። ዛሬ ኦክሲን እንለዋለን።

ኦክሲን በብዛት የሚሠራው ለጋ ቅጠሎችና እምቡጦች ውስጥ ነው። ከዚያ ከሴል ወደ ሴል እየተላለፈ ወደ ሥር ይወርዳል። እያንዳንዱ ሴል ሽፋኑ ላይ ኦክሲን የሚያስገቡና የሚያስወጡ ፕሮቲኖች አሉት። እነዚህ ፕሮቲኖች የትኛው ጎን ላይ እንደተሰለፉ የኦክሲኑ መንገድ ይወሰናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኦክሲን ራሱ «እደግ» ወይም «ቁም» የሚል የተወሰነ ትእዛዝ የለውም። መጠኑና ቦታው ነው የሚወስነው። ዋናው ሥር ጫፍ ላይ ከልክ በላይ ሲሆን ሥሩ መርዘሙን ይቀንሳል። ከሥሩ ውስጠኛ ሴሎች አንዱ ላይ ሲከማች እዚያ ቦታ ላይ አዲስ የጎን ሥር ይጸነሳል። የሥር ጸጉር የሚያወጣ ሴል ላይ ሲደርስ ጸጉሩ ይረዝማል።

ፎስፈረስ ሲያንስ የሚለወጠው ይህ ስርጭት ነው፣ የሴሎቹ ጆሮም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት፣ ፎስፈረስ ያነሰባቸው የሥር ሴሎች ኦክሲንን የሚቀበለውን ፕሮቲን እንደሚያበዙ አሳየ። የኦክሲኑ መጠን ባይጨምር እንኳ ሴሎቹ በትንሹ ይነቃሉ ማለት ነው። ውጤቱ የጎን ሥር መብዛት ነው።

ጫፉስ? እዚህ ላይ አንድ የምወደው ሙከራ አለ። የዕፅዋት ተመራማሪዎች አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ አረም ላይ ብዙ ነገር ይሞክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሌላው የሥሩ ክፍል ፎስፈረስ ባለበት ቦታ እንዲሆን አድርገው፣ ጫፉ ብቻ ፎስፈረስ ያነሰበትን እንዲነካ አደረጉ። ዋናው ሥር ማደጉን አቆመ። መንካቱ ብቻ በቃ። ድሃ አፈር መሆኑን የሚያረጋግጠው ጫፉ ነው፣ ያቺ ለዓይን እንኳ የማትሞላ ነጥብ።

የሥር ጸጉር ደግሞ አንድ ሴል ነው። አዎ፣ እያንዳንዷ ጸጉር አንድ ሴል ብቻ ናት፤ ከሥሩ ቆዳ ወጥታ አፈር ውስጥ የምትረዝም። ርዝመቷ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም፤ ግን ያቺው አንድ ሚሊሜትር ነች ሥሩ ካራቆተው አፈር አሻግራ የምታደርሰው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሩዝና በአራቢዶፕሲስ ላይ የተደረጉ ጥናቶች መንገዱን አሳይተዋል። ፎስፈረስ ሲያንስ ጫፉ ላይ ኦክሲን ይከማቻል። ከዚያ በሥሩ ቆዳ በኩል ወደ ኋላ ይመለስና ጸጉር ወደሚበቅልበት ቦታ ይደርሳል። ይህን ኦክሲን የሚያመላልሰው ፕሮቲን እንዳይሠራ የተደረገ ሩዝ ፎስፈረስ ቢያጣም ጸጉሩን ማስረዘም አቃተው።

ወደ ግብጦ እንመለስ

ግብጦ ላይም እጁ ያለበት ኦክሲን ነው። ተመራማሪዎች ፎስፈረስ ጠግቦ ለሚያድግ ግብጦ ቅጠሉ ላይ ኦክሲን መሰል ኬሚካል ሲቀቡት፣ የተራበ ይመስል ብሩሾቹን አወጣ። በተቃራኒው የተራበውን ግብጦ ወስደው የኦክሲንን ጉዞ በሚያግድ ኬሚካል ሲያክሙት ብሩሾቹ ቀነሱ። ሌላም አለ፦ በእውነት የተራበው ተክል ቅጠሉ ላይ ፎስፈረስ ሲረጭለት ሥሩ ብሩሽ ማውጣቱን ይተዋል፤ ሥሩ ያለበት አፈር ምንም ሳይለወጥ ማለት ነው። ስለዚህ ውሳኔው የሥሩ ብቻ አይደለም። ቅጠሉ ምን ያህል እንደጎደለበት ወደ ታች ይነግራል።

ብሩሾቹ ምን ይሠራሉ? ጥቂት ቀን ያድጉና ይቆማሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሲትሬት ይተፋሉ፤ ሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው። ሲትሬቱ አሉሚኒየሙንና ብረቱን ሲይዛቸው ፎስፈረሱ ይለቀቃል። አጠገቡ የተሰለፈው ጸጉራም ሥር ይቀበለዋል። ወጪው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት፣ አፈር ውስጥ የተገኘው ሲትሬት የተክሉን ደረቅ ክብደት 23 በመቶ ያህል እንደነበር ለክቷል። ተክሉ ካመረተው ላይ ይህን ያህል አፈር ላይ አፈሰሰ! አንዱ ብሩሽ ሥራውን ሲጨርስ ይደክማል፣ ሌላ ቦታ አዲስ ይወጣል።

ስለ ኤቲሊንም ጥቂት ልበል። ሙዝ የሚያበስለው ጋዝ ነው፣ ሥር ውስጥም ይሠራል። የሥር ጸጉርን ያስረዝማል፣ ከኦክሲን ጋር ሆኖም የሥሩን አቅጣጫ ይቀይራል። የተራበ በቆሎ ሥር ውስጥ ደግሞ ከሥሩ ሥጋ የተወሰኑ ሴሎች እንዲሞቱና ቦታቸው ባዶ ቀዳዳ እንዲሆን ያደርጋል። ጨካኝ ይመስላል። ግን የሞተ ሴል ስኳር አይበላም፤ በውስጡ የነበረው ፎስፈረስም ለሌላው ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ሌላ ሥራውን አሳየ። አፈር ሲጠቀጠቅ ኤቲሊን መውጫ ስለሚያጣ ሥሩ ዙሪያ ይከማቻል፣ ሥሩም መርዘሙን ያቆማል። ለኤቲሊን ደንቆሮ የሆኑ ሥሮች ግን የጠጠረውን አፈር ሰንጥቀው አለፉ። ሥሩን ያቆመው የአፈሩ ጥንካሬ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ማረሻ በየዓመቱ እኩል ጥልቀት ላይ በሚሄድበት ማሳ ከማረሻው በታች ጠጣር ንጣፍ ይፈጠራልና፣ ይህ ግኝት እኛንም ይመለከታል።

ወዳጅ ሲጠራ ሌባ የሚሰማው

አሁን ወደ ማሽላ እንሂድ፣ ታሪኩ የሚከብደው እዚህ ነው።

የተራበ ሥር ብቻውን አይታገልም። አፈር ውስጥ ከሥር ጋር ተባብረው የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ። ክራቸው ከሥር ጸጉር የቀጠነ ነው፣ ሥሩ ከማይደርስበት ብዙ ሴንቲሜትር ርቆ ይሄዳል። ከዚያ ፎስፈረስ ያመጣሉ። ተክሉ በምላሹ ስኳርና ቅባት ይሰጣቸዋል። ከየብስ ዕፅዋት ዝርያዎች 70 በመቶ ያህሉ እንዲህ ይኖራሉ። ግብጦ ከዚህ ማኅበር ውጭ ነው፤ ብሩሹን የሙጥኝ ያለው ለዚህም ይመስላል። ማሽላ ግን አባል ነው።

ታዲያ ማሽላ ሲርበው ፈንገሱን እንዴት ይጠራል? ከሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባሉ ሆርሞኖችን ወደ አፈሩ ይለቃል። ፎስፈረስ ወይም ናይትሮጅን ሲያንሰው መጠኑን ይጨምራል። ፈንገሱ ሲሰማ ክሩን አባዝቶ ወደ ሥሩ ይመጣል።

የሚሰማው ግን ፈንገሱ ብቻ አይደለም። አቀንጭራም ይሰማል።

ይህን ጥገኛ አረም በወሎ፣ በትግራይ፣ በሐረርጌ ማሽላ የዘራ ሁሉ ያውቀዋል። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ለማያውቀው ያምራል። ዘሩ ከአቧራ ተለይቶ አይታይም። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያራግፋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በውስጡ ስንቅ የለውም፤ ከበቀለ በቀናት ውስጥ ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ዝም ብሎ አይበቅልም። ስትሪጎላክቶን እስኪሸተው ይጠብቃል። ሲሸተው ሥር በአጠገቡ እንዳለ ያውቃል፣ ይበቅላል፣ ሥሩን ወግቶ ይገባል። ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ማሽላውን አስቀድሞ ጎድቶታል። በዚያ ሰዓት መንቀል የዘንድሮውን ምርት አይመልስም፤ ዘር ሳያራግፍ ከተነቀለ ግን የከርሞውን ያድናል።

አቀንጭራ ለምን ድሃ መሬት ላይ እንደሚብስ አሁን ግልጽ ነው። ድሃ መሬት ላይ ያለ ማሽላ አብዝቶ ይጣራል። ኮምፖስት፣ ፍግ ወይም ማዳበሪያ ያገኘ ማሽላ የሚለቀው ስትሪጎላክቶን ይቀንሳል፣ የሚቀሰቀሰው አቀንጭራም ይቀንሳል።

ሳይንሱ ይህን የደረሰበት በተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር አቀንጭራን የሚያበቅል ኬሚካል ተለየ። ለዓመታት የታወቀው ተክሉን በመጉዳት ብቻ ነበር። ተክል ለጠላቱ ጥሪ የሚያወጣበት ምክንያት አይገባም ነበር። በ2005 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ያው ዓይነት ኬሚካል ፈንገሱን እንደሚጠራ አገኙ። በ2008 ደግሞ ይኸው ተክሉ ውስጥ ቅርንጫፍ መብዛትን የሚከለክል ሆርሞን መሆኑ ታወቀ። ፎስፈረስ ባጣ ማሳ ላይ ሰብሉ ከአንድ ዘር ብዙ አገዳ ማውጣት የሚያቅተው በከፊል በዚህ የተነሳ ነው። ሥሩ ሲርበው ግንዱን «አትብዛ» ይለዋል።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እዚህ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። ወሎንኮሚ ተወልደው፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በማሽላ ላይ ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙ ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው መርዝ ፍለጋ አልሄዱም። አቀንጭራን የማይቀሰቅስ ሥር ያላቸውን ማሽላዎች ለይተው አዳቀሉ። ከእነዚህ የተገኙት ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ለኢትዮጵያ ገበሬ ተለቀዋል። ምስጢሩ በጂን ደረጃ የተፈታው በ2017 ነው። እነዚህ ማሽላዎች አንድ ጂን ጎድሏቸው የሚለቁት የስትሪጎላክቶን ዓይነት ተለውጧል። አቀንጭራን በብርቱ የሚያነቃው ዓይነት ቀርቶ፣ እሱን ብዙም የማያነቃው ኦሮባንኮል በዛ። ፈንገሱ ግን ኦሮባንኮልንም ይሰማል። የሆርሞኑ ቅርጽ በጥቂቱ ስለተለወጠ ወዳጁ መጣ፣ ሌባው ተኛ። ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት የግብርና ግኝት ብዙ አላውቅም።

ናይትሮጅን በአጭሩ

ናይትሮጅን ላይ የሆርሞኑ ሥራ ሌላ መልክ አለው። ማልኮልም ድሩ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ የገብስ ሥር ሦስት ቦታ ከፋፍሎ ለመካከለኛው ክፍል ብቻ ናይትሬት ሰጠ። የጎን ሥሮቹ እዚያው ክፍል ላይ ተንጨፈረሩ፣ ከላይና ከታች ያሉት ግን ቀሩ። ሥሩ ያለበትን ቦታ ይመረምራል ማለት ነው።

ግማሹ ሥር ናይትሬት ቢያገኝ፣ ግማሹ ቢያጣስ? ያጣው ወገን ሴፕ የሚባል ትንሽ ሆርሞን ወደ ቅጠል ይልካል። ቅጠሉ መልሱን የሚልከው ወደ ሥሮቹ ሁሉ ነው፤ ሥራ ላይ የሚያውለው ግን ናይትሬት ያገኘው ወገን ነው፣ የጎደለውን ለማካካስ አብዝቶ ይስባል። ሳይቶካይኒን የተባለው ደግሞ ናይትሮጅን ሲበዛ ከሥር ወደ ላይ ወጥቶ ቅጠልን ያበዛል። ናይትሮጅን ሲያንስ ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ይቆጠባል፣ ስኳሩ ወደ ሥር ያጋድላል። ዩሪያ አብዝቶ የበላ ሰብል ቅጠሉ ለምልሞ ሥሩ አነስ የሚለው አንድም በዚህ ነው።

ሥርን ዓይቶ መምረጥ

የዘር ማሻሻል ሥራ ለረጅም ዘመን ከመሬት በላይ ባለው ላይ ሲያተኩር ቆይቷል፦ ቁመት፣ ዛላ፣ የፍሬ ብዛት። ያውም ብዙ ጊዜ ማዳበሪያ በበቃው የምርምር ጣቢያ ማሳ ላይ። ያለ ማዳበሪያ የሚያርስ ገበሬ የሚያስፈልገው ሥር እዚያ ማሳ ላይ ጥቅሙ አይታይም። ሳይታወቅ ተጥሎም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነው እንደ ጎጃም ግብጦ ያሉ የአካባቢ ዘሮች በሥራቸው ጭምር ሊጠኑ ይገባል የምለው።

እንዲህ ያለ ሥራ ሞዛምቢክ ውስጥ በቦሎቄ ተሞክሯል። ቦሎቄ ከግንዱ ግርጌ የሚወጡ ሥሮች አሉት። እነሱ ወደ ጎን ይዘረጉ ወይም ወደ ታች ይውረዱ የሚወስነው ኦክሲን ነው። ሥር ጋደም ሲል ኦክሲን በታችኛው ጎኑ ይከማቻል፣ ያ ጎን ማደጉን ይቀንሳል፣ ሥሩም ወደ ታች ይጎብጣል። ይህ ምላሽ ደከም ያለበት ዘር ሥሩን ከላይኛው አፈር ላይ ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንዲህ ነው። ፎስፈረስ ባነሰው ማሳ ላይ፣ ሥሩ ወደ ጎን የሚዘረጋ ቦሎቄ የግንድና የቅጠል ዕድገቱ በ58 በመቶ ያህል በለጠ። የሥር ጸጉሩ ረጅም የሆነው በ89 በመቶ ያህል በለጠ። ሁለቱንም የያዘው ግን በ298 በመቶ በለጠ። ረጅም ጸጉር ትርፉ የሚበዛው ሥሩ ፎስፈረሱ ያለበት ንጣፍ ላይ ሲሆን ነው።

ይህን ለመለየት የግድ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የቦሎቄ ዘር እርጥብ ወረቀት ላይ ሲበቅል የሥሩ አቅጣጫ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያል። ያደገውን ደግሞ በአካፋ ቆፍሮ፣ በባልዲ ውሃ አጥቦ፣ ጸጉሩን በማጉያ መነጽር ማየት ይቻላል። በመቶዎች ከሚቆጠሩ ዘሮች ውስጥ ተስፋ የሚጣልባቸውን መለየት የሚቻለው እንዲህ ነው።